«ያጥናችሁ» የማይባሉት፦ በደሴና በኮምቦልቻ የሰው ሕመም የሚሸከሙ ባለሙያዎች

በወሎ መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ማን እንደሚሄድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚኬድ፣ የሟች እናት ደም ግፊት ካለባት ማን ከጎኗ እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ይመከርበታል። አብዛኛውን ጊዜ ገና ሳይነጋ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይኬዳል። ጎረቤት በሹክሹክታ ይቀሰቀሳል። ነጋሪው ብቻውን አይሄድም፤ ከተናገረ በኋላም ጥሎ አይወጣም። አብሮ ያለቅሳል፣ ቅሬው (ዕድሩ) ድንኳን ሲተክል ያግዛል፣ ለቀስተኛ ሲመጣ አብሮ ይቀመጣል። መርዶ መንገር ከባድ ሥራ መሆኑን አባቶቻችን ስለሚያውቁ ለአንድ ሰው ብቻ አልተዉትም።

ይህንኑ ሥራ ወደ ሆስፒታል ኮሪደር እንውሰደው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ሐረጎ ላይ ከተገለበጠ መኪና የወጡ ተጎጂዎች ድንገተኛ ክፍሉን ሞልተውታል። አንድ አባት ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በሩ ላይ ቆመዋል። «ሲስተር፣ የኔ ልጅ፣ ልጄስ እንዴት ሆነልኝ?» ይላሉ። ነርሷ ሃያዎቹን ያልጨረሰች ወጣት ናት። ልጃቸው ካረፈ አሥር ደቂቃ አልፎታል። «አባባ፣ እስቲ እዚህ ጋ ቁጭ ይበሉ» ትላቸዋለች። አግዳሚው ላይ ግን ሌላ አስታማሚ ተኝቶበታል፤ ስለዚህ እንደቆሙ ይሰማሉ። ጩኸቱ ኮሪደሩን ይሞላዋል። ከመጋረጃው ወዲያ ጉሉኮስ ያለቀበት በሽተኛ ይጣራል፤ እሷም ጓንቷን ቀይራ ወደዚያ ትሄዳለች። ለድንገተኛ ክፍል ባለሙያ እንዲህ ያለ ሌሊት ብርቅ አይደለም።

ለአባትየው ጎረቤት ይደርስላቸዋል። ክርስቲያኑ «እግዜር ያጥናዎት»፣ ሙስሊሙ «አላህ ሶብሩን ይስጥዎት» ይላቸዋል። ለነርሷ ግን ማንም ምንም አይላትም፤ የሟች ዘመድ አይደለችማ። ጠዋት ርክክብ አድርጋ በደሴ ጉም ውስጥ ባጃጅ ይዛ ቤቷ ትገባለች፤ ማታ ተመልሳ ትመጣለች። የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ እሷና መሰሎቿ ናቸው፦ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ ሐኪሞች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የአምቡላንስ ሾፌሮች፣ የተደፈሩ ሴቶችን የሚቀበሉ የአንድ መስኮት ማዕከል ባለሙያዎች፣ ከጦርነት የተፈናቀሉ ልጆችን የሚያስተምሩ መምህራን። የሰውን ሕመም፣ ሐዘንና ቁጣ መቀበል ከደመወዛቸው ጋር የመጣ ግዴታቸው ነው። ጭንቀታቸውን ስለ መቋቋም ብዙ ተብሏል፣ ብዙም ተጠንቷል። ያንን ሁሉ ሳገላብጠው የሚያደርሰኝ ወደ አንድ ነገር ነው፦ ይህን ጭንቀት መቻል የባለሙያዋ የግል ጥንካሬ ጉዳይ ተደርጎ መታየቱ ስህተት ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ ደግሞ ስህተቱ ዋጋ እያስከፈለ ነው።

ደሴ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል የቀይ መስቀል ምልክት እያለበት ተመቷል፤ ሐኪሞቹም ቁስለኛ እያከሙ ተቃውሟቸውን ለዓለም አሰምተዋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. በባቲና ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም መጠለያዎች፣ ሰው በየዕለቱ ሲረግፍ ያዩ ነርሶችና ጤና ረዳቶች ነበሩ። እነሱ ምን ተሰማቸው ብሎ የጠየቀ ግን ብዙም የለም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና አገር ውስጥ ሲገባ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሕሙማን ማከሚያ ሆነ፤ ባለሙያዎቹ ቤተሰባቸውን እንዳይበክሉ እየፈሩ ሠሩ።

ከሁሉም የከፋው ግን በ2014 ዓ.ም. መጣ። በመጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞላ። ቀጥሎ፣ ጥቅምት 21 ቀን ገደማ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ፤ መንግሥት ሁለቱን ከተሞች መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነው። በእነዚያ አምስት ሳምንታት ከባለሙያው የሸሸው ሸሸ፣ የቀረው ቀረ። የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፤ መሣሪያው ተወሰደ፣ የተረፈው ተሰባበረ። ኮምቦልቻ ያለው የእህል መጋዘን በመዘረፉ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሁለቱ ከተሞች እርዳታ ማከፋፈሉን ለጊዜው አቁሞ ነበር። ሰላም ገና ሳይጠና ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ።

ይህን ታሪክ የዘረዘርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ሥራ ጭንቀት የተጻፈው አብዛኛው ነገር ሰላም ባለበት አገር፣ ባለሙያው ደኅና ሆኖ በሽተኛው ብቻ በታመመበት ሁኔታ የተጠና ነው። እዚህ ግን ታካሚ ቤቷ የተዘረፈባት ናት፤ መርፌ የምትወጋትም ቤቷ የተዘረፈባት ናት። በጥይት የቆሰለውን ልጅ የምትሰፋለት ነርስ የራሷ ወንድም የት እንዳለ ላታውቅ ትችላለች። ከውጭ የመጣ የሥልጠና ጽሑፍ ይህን አያውቀውም።

የሆነ ሆኖ ከውጭው ጥናት የምንማረው አለ። በ1974 እ.ኤ.አ. ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በኒውዮርክ ነፃ ክሊኒክ አብረውት የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ቀስ በቀስ ሲዝሉ አይቶ ጻፈ። ክሪስቲና ማስላክ ደግሞ በ1981 እ.ኤ.አ. የዚህን የሥራ ዝለት መለኪያ አወጣች፤ ዛሬም በመላው ዓለም፣ በእኛም ዩኒቨርሲቲዎች ጥናት ውስጥ የሚሠራበት ያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ይህን ዝለት በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ ሲያሰፍር በሽታ አላለውም። በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጭንቀት የሚመጣ ክስተት ነው አለ። ይህ ቃል ክብደት አለው፤ ምንጩ ሠራተኛዋ ውስጥ ሳይሆን ሥራ ቦታው ውስጥ ነው ማለት ነውና።

ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ድካም ነው፤ ተኝተው የማይለቅ፣ ዱቲ ሳይገባ የሚጀምር። ሦስተኛው «የምሠራው ምንም አይጠቅምም» የሚል ተስፋ መቁረጥ ነው። መካከለኛው ግን ለሕዝቡም ለባለሙያውም ይበልጥ መታወቅ ያለበት ይመስለኛል፤ እሱም ከሰው መራቅ ነው። በሽተኛዋ «ወይዘሮ እገሊት» መሆኗ ይቀርና «አልጋ ሰባት» ትሆናለች። አስታማሚ ሲጠይቅ መልሱ ቁጣ ይሆናል። «ነርሶቹ ጨካኝ ናቸው» የሚለው የከተማ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ጨካኝ ባለሙያ የለም አልልም። ነገር ግን በየቀኑ ሐዘን የሚፈስበት ልብ ራሱን የሚከላከለው ደንዝዞ ነው፤ መደንዘዝ ደግሞ ከውጭ ሲታይ ጭካኔ ይመስላል። አንዲት ነርስ መጀመሪያ ሥራ የያዘችበትን ጊዜ አስታውሳ «ያኔ አለቅስ ነበር፤ አሁን አላለቅስም» ካለች፣ ጠነከረች ብለን ደስ አይበለን።

ከዚህ የሚለይ ሌላ ቁስልም አለ፤ ማድረግ የሚገባውን እያወቁ ማድረግ አለመቻል የሚጥለው ቁስል። በ1977 ዓ.ም. መቀሌ ውስጥ የነበረችው እንግሊዛዊት የቀይ መስቀል ነርስ ክሌር በርትሺንገር ለዚህ ትጠቀሳለች። ከተሰለፉት የተራቡ ሕፃናት ውስጥ ወደ መመገቢያው የሚገቡትን ጥቂቶች የመምረጥ ዕጣ የወደቀባት እሷ ላይ ነበር፤ ያልተመረጡት ምን እንደሚሆኑ እያወቀች። ከዓመታት በኋላ ስትናገር ያ ምርጫ ጥሏት እንዳልሄደ ግልጽ ነበር። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ የእህል እጥረቱን ያመጣችው እሷ አይደለችምና። ሸክሙ ግን እሷ ላይ ቀረ። ኦክስጅን አንድ ሲሊንደር ቀርቶ ሁለት ሕሙማን ያሉበት ክፍል ውስጥ የቆመ፣ መድኃኒት «ከውጭ ግዙ» ብሎ ወረቀት ጽፎ መግዛት የማይችሉ መሆናቸውን ከፊታቸው ያነበበ የእኛ ባለሙያም ያንኑ ይሸከማል። ለዚህ ዓይነቱ ቁስል በጥልቀት መተንፈስን ማስተማር በቂ መልስ አይደለም። መልሱ ሲሊንደሩ ነው።

ታዲያ ሰዉ በምን ይችለዋል? ከራሳችን እንጀምር።

ቡና አለ። ከዱቲ በፊት ወይም በኋላ ሁለት ሦስት ባልደረቦች አንድ ቤት ተሰብስበው ከአቦል እስከ በረካ የሚያወሩት ወሬ ብዙ ሰው አቁሟል። ወሎ ደግሞ ከዚህ የጠለቀ አለው፤ ወዳጃ። ሰው ሲታመም፣ መከራ ሲበዛ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ተፈልቶ፣ ዱአ እየተደረገ፣ የተጨነቀው ጭንቀቱን በሰው ፊት ያወጣል፤ ታላላቆች ይመርቃሉ፤ «አሚን» ይባላል። ክርስቲያንና ሙስሊም ጎን ለጎን የሚቀመጥበት ጊዜም ብዙ ነው። ከሥርዓቱ መንፈሳዊ ጎን ውጪ ያለውን ብቻ ብናይ እንኳ፣ ችግርን በስሙ ጠርቶ በሰዎች ፊት መናገርን፣ ያለ ፍርድ መደመጥን፣ መመረቅን አንድ ላይ ይዟል። በውጭ አገር ሆስፒታሎች በ1997 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ የተጀመረና ባለሙያዎች ተሰብስበው ስለ ሕክምናው ዘዴ ሳይሆን ሥራው ስላሳደረባቸው ስሜት ብቻ የሚነጋገሩበት መድረክ አለ፤ ሽዋርትዝ ራውንድ ይሉታል። ወዳጃን የሚያውቅ ሰው ይህን ሐሳብ ለመረዳት አይቸገርም።

የንስሐ አባትም አሉ፤ ሸሆቹም አሉ፤ ጸሎትና ሶላት አለ። ብዙ ባለሙያዎች ሌሊቱን የሚያልፉት በዚህ ነው፤ ይህን የሚያቃልል የሥነ ልቦና ሊቅ እኔ አልሰማም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እነዚህ ሥርዓቶቻችን ሁሉ የተሠሩት የራሱ ሰው ለሞተበት፣ የራሱ ቤት ለተቃጠለበት ነው። ቅሬ የሚደርሰው አባል ሲሞትበት ነው። በአንድ ሳምንት የአራት እንግዳ ሰዎችን ሞት ያየች አዋላጅ በየትኛውም ቅሬ መዝገብ ላይ ሐዘንተኛ ተብላ አትጻፍም። ስለ ሥራዋ ቤት ገብታ እንዳታወራ ደግሞ የታካሚ ምስጢር ያግዳታል፤ ብታወራም እናቷ «ተይው፣ ልጄ፣ ክፉ አታውሪ» ትላታለች። ባህላችን ሐዘንን መጋራት ያውቅበታል፤ የሥራ ሐዘንን ግን ገና አላወቀውም።

ጫትም አለ፣ በግልጽ መነጋገር ይገባናል። በወሎ ጫት የማኅበራዊ ኑሮ አካል ነው፤ ማንንም ልኮንን አልተነሳሁም። ነገር ግን ናይት ዱቲ ለመንቃት የሚቃም ጫት የራሱ ዕዳ አለው። ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ልብን ያፈጥናል፣ እንቅልፍን ያባርራል፤ ጠዋት ደክሞት መተኛት ያለበት ሰው ዓይኑ ፈጥጦ ይቀራል። ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል፤ ቢራ ወይም አረቄ። በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ጎበዝ የነበረ ባለሙያ በዚህ ዑደት ሲታሰር ጓደኞቹ ያያሉ፣ ያዝናሉ፣ አይናገሩም። ለናይት ተረኛ ንቃት እንደሚረዳ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት በሌሊቱ መካከል ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ማሸለብ ነው፤ ባልደረባው እየጠበቀለት። ይህም ሁለተኛ ሰው መኖሩን ይጠይቃል።

ሌላው የተለመደው ዘዴ መሄድ ነው። ከሰዓት በኋላ የግል ክሊኒክ፣ ቅዳሜና እሁድ ሌላ ቦታ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሶማሌላንድ ወይም ዐረብ አገር። መሄድ ለሄደው ሊበጅ ይችላል፤ ለቀሩት ግን የእሱን ዱቲ ጨምሮ መሸከም ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው። በዚህ ጉዳይ ላይ የተሠሩ ምርመራዎች ጥቂት ያልተጠበቁ ነገሮችን ያሳያሉ። ከከባድ አደጋ በኋላ ባለሙያዎችን ሰብስቦ «ያያችሁትን ሁሉ ዘርዝሩ» ማለት ለዓመታት ፋሽን ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን ግምገማ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ እንዲህ ያለ ዝርዝር ንግግር ከድኅረ አደጋ ጭንቀት እንደማያድን፣ አንዳንዱንም ሊጎዳ እንደሚችል አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት በምትኩ የሚመክረው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ የሚባለውን ነው፦ ደኅንነቱን አረጋግጥ፣ ውሃ ስጠው፣ ሊያወራ ከፈለገ ስማው፣ ካልፈለገ አታስገድደው፣ ከቤተሰቡ ጋር አገናኘው። የለቅሶ ቤት ጎረቤት የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ማንም «ሬሳውን ስታየው ምን ተሰማህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ስለ ሐኪሞች በ2016 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ የወጣ ሰፊ ግምገማ መፍትሔዎች ከተሞከሩ በኋላ የዛሉት ሐኪሞች ድርሻ ከ54 በመቶ ወደ 44 በመቶ መውረዱን አስልቷል። በግለሰብ ላይ ያተኮሩትም፣ የሥራ ሁኔታን የለወጡትም ሁለቱም ጠቅመዋል። በዓመቱ የወጣ ሌላ ግምገማ ደግሞ ይበልጥ የሚሠራው መሥሪያ ቤቱን መለወጥ፣ የሥራ ሰዓትንና ጫናን ማስተካከል ነው አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 46,336 ሠራተኞችን አይቶ፣ አሠሪዎች የሚያቀርቧቸውን የጽናት ሥልጠናዎች፣ የመዝናናት ፕሮግራሞችና የስልክ አፖች የተካፈሉት ካልተካፈሉት የተሻለ ደኅንነት እንደሌላቸው አገኘ። ለየት ያለው በጎ ፈቃድ ሥራ መሥራት ብቻ ነበር። በኮሮና ወቅት የወጣው የኮክሬን ግምገማ ደግሞ የወረርሽኝ ግንባር ባለሙያዎችን አእምሮ ለማገዝ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ እጅግ ጥቂት መሆኑን ገለጸ።

ይህን ሳነብ የሚታየኝ እኛ ዘንድ በየሆስፒታሉ አዳራሽ የሚሰጠው የአንድ ቀን «የጭንቀት አያያዝ» ሥልጠና ነው። ውሃ፣ ሻይ፣ አበል፣ ፎቶ፣ ምስክር ወረቀት። የሚሰጡት ባለሙያዎች ቅን ናቸው፤ የሚያስተምሩትም ስህተት አይደለም። በቀስታ መተንፈስ ልብን ያረጋጋል። በእግር መሄድ ይጠቅማል፤ የጦሳ ተራራን ግርጌ ይዞ ጠዋት መውጣት ለደሴ ሰው ገንዘብ አያስወጣም። ስሜትን መጻፍ፣ በቂ እንቅልፍ፣ ወዳጅ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ነገር ግን ሠልጣኟ ከአዳራሹ ወጥታ አንድ ነርስ ለሃያ አልጋ ወዳለበት ክፍል የምትመለስ ከሆነ፣ የዱቲ ክፍያዋ ለወራት ያልተከፈላት ከሆነ፣ የተማረችው ነገር የሚያሳየው ችግሩ እሷ መሆኗን ነው። ይህ ይጎዳል።

የቁጥሩ ነገር አለና። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አገር ለ1,000 ሰው 4.45 ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ያስፈልገዋል ብሎ ነበር ያሰላው፤ ኢትዮጵያ ከዚህ እጅግ ሩቅ ናት። አእምሮን ወደሚያክሙት ስንመጣ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ለረጅም ዘመን አገሪቱ የነበራት የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር። የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው፤ ያኔ በመላ አገሪቱ የነበሩት ከአሥር እምብዛም አይበልጡም ነበር። ዛሬ ደሴ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል አለው፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም የጤና ኮሌጅ አለው። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

ሆኖም ባለሙያዋ ራሷ ወደዚያ ክፍል አትሄድም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ካርድ የምታወጣላት የምታውቃት ልጅ ናት፣ ተራ የምትጠብቀው በሽተኞቿ መካከል ነው፣ መድኃኒቱን የሚሰጣት ባልደረባዋ ነው። ደሴ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ፒያሳ ላይ የተነገረ ወሬ ሆጤ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ለዚህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ መላ አለ። ደሴና ኮምቦልቻን የሚለያቸው ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። የደሴ ባለሙያ ኮምቦልቻ፣ የኮምቦልቻው ደሴ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት፣ በስም ሳይሆን በቁጥር በተመዘገበ ካርድ የሚታይበት ስምምነት ሁለቱ የጤና መምሪያዎች ቢፈራረሙ የሚጠይቀው የሚኒባስ ሂሳብና የአንድ ክፍል ቁልፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለማጣሪያ ያዘጋጃቸው፣ በአገራችን ጥናቶች ለዓመታት የተሠራባቸው ሃያ «አዎ» ወይም «አይ» የሚባሉ ጥያቄዎች አሉ። ከዚያ መጀመር ይቻላል።

ኮምቦልቻ የራሷ መልክ አላት። የፋብሪካ ከተማ ናት። በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ወደ ጂቡቲ የሚወስደው የከባድ መኪና መንገድ አሉ፤ ጤና ጣቢያዎቿ የሚሞሉት ከእነዚህ በሚመጣ ሰው ነው። ከጦርነቱና አሜሪካ በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከአጎዋ ተጠቃሚነት ኢትዮጵያን ካስወጣች በኋላ ሥራ ያጡ ወጣት ሴቶች ጉዳይ ደግሞ በክሊኒኩ በር ራስ ምታት፣ ጨጓራ፣ እንቅልፍ ማጣት ሆኖ ይገባል። በግል ድርጅት ለሚሠራው ቢያንስ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አለ፦ በቀን ስምንት፣ በሳምንት አርባ ስምንት ሰዓት፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከአራት፣ በሳምንት ከአሥራ ሁለት እንዳይበልጥ፤ በሳምንት ሃያ አራት ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት። የግል ክሊኒክና ሆስፒታል ሠራተኛ ይህን ማወቅ አለባት። ድካምን በሕግ መከላከል የጭንቀት አያያዝ አንዱ ክፍል ነው።

የደመወዙን ጉዳይ ሳላነሳ ባልፍ ይህ ዳሰሳ ጎዶሎ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም.፣ እንደገናም በግንቦት 2017 ዓ.ም.፣ በመላ አገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ይሻሻል ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል፤ በኋለኛው የታሰሩም ነበሩ። ሕክምና ይቁም ወይስ አይቁም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። የድካም ጥናት የሚለው ግን ግልጽ ነው። ሰው ብዙ ሰጥቶ ጥቂት ሲቀበል፣ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ክብሩም ሲጓደል፣ ልቡ ይሰበራል፤ ጀርመናዊው ዮሐንስ ዚግሪስት በ1996 እ.ኤ.አ. ይህን የጥረትና የምላሽ መዛባት ከልብ ሕመም ጋር አያይዞ አሳይቷል። የዱቲ ክፍያ በጊዜው መክፈል የአእምሮ ጤና እርምጃ ነው። በዓመት አንድ ሥልጠና ሰርዞ በዚያ ገንዘብ የዘገየ ዱቲ የሚከፍል አመራር ካለ፣ ለሠራተኛው አእምሮ የተሻለ አድርጓል ብዬ አምናለሁ።

ወደ መርዶው ልመለስና አንድ ነገር ልበል፤ ከሁሉ ይልቅ ቅርብ የሚመስለኝ ለውጥ እዚያ ነው። በካንሰር ሐኪሞች ዘንድ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ስድስት ደረጃዎች ያሉት የክፉ ወሬ አነጋገር መመሪያ አለ። የመጀመሪያው ደረጃ ቦታውን ማዘጋጀት ነው፤ የተዘጋ ክፍል፣ ወንበር፣ አብሮ የሚቀመጥ ዘመድ። የእኛ አያቶች ይህን ያለ መመሪያ ያውቁታል፤ እንዲያውም አንድ ነገር ጨምረዋል፣ ነጋሪው ብቻውን እንዳይሆን። በየሆስፒታሉ ድንገተኛና ማዋለጃ ክፍል አጠገብ በሩ የሚዘጋ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አራት ወንበርና አንድ ጀሪካን ውሃ ትዘጋጅ። መርዶ ሁለት ሰው ይንገር፤ አንዱ ሲናገር አንዱ ይያዝ። ከዚያ በኋላ የነገረችው ነርስ ሌላ ሰው ተክቷት አሥራ አምስት ደቂቃ ትቀመጥ። ማትሮኗ ወይም የዱቲው ኃላፊ መጥታ «ያጥናሽ» ትበላት። ያቺ ነርስም ያን ሌሊት ሰው ሞቶባታል።

ለአስታማሚዎችም አንድ ልመና አለኝ። ወገናችሁ ሲታመም መጨነቃችሁ፣ መቆጣታችሁ የሚገባ ነው። ነገር ግን መድኃኒት ለሌለበት መደርደሪያ፣ ለተሰበረው ማሽን፣ ለዘገየው ሪፈር የምትቆጧት ፊታችሁ የቆመችው ሲስተር አይደለችም። የሚጠየቅ አለ፤ የሆስፒታሉ አመራር፣ መምሪያው፣ ክልሉ። ወደዚያ ሂዱ፣ ጻፉ፣ በየቀበሌው ስብሰባ አንሱት። ለእሷ ግን ከክፍሉ ስትወጡ፣ ወገናችሁ ድኖም ሆነ ሳይድን፣ አንድ ምርቃት ተዉላት።

ለደሴና ለኮምቦልቻ የጤና መምሪያዎች፣ ለሆስፒታል ሥራ አስኪያጆችም፦ የሚቀጥለው ወር የዱቲ ፕሮግራም ሲለጠፍ ከከባድ ሌሊት በኋላ የዕረፍት ቀን ይኑርበት፤ ያለፉት ወራት የዱቲ ክፍያም ከዚያ በፊት ይከፈል።